ሥራ መሞከር የሚያስፈራበት ሕግ

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበበው ደን የዱር ቡና የሚበቅልበት በመሆኑ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው በቡና፣ በማርና በእርሻ ነው። የወር ደመወዝ የሚባለውን ነገር ለረጅም ጊዜ የሚያውቁት መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የመንግሥት ቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። በ2004 ዓ.ም የማዳበሪያ ፋብሪካው ግንባታ ሲጀመር ግን የቅጥር ውል የፈረመ የቀን ሠራተኛ፣ ሾፌርና ብየዳ ሠራተኛ በከተማዋ በዛ። ግንባታው ቢጓተትና በ2010 ዓ.ም ከተቋራጩ ከሜቴክ እጅ ቢወጣም ደመወዝተኛ የመሆን ልምድ ከያዮ አልወጣም። ከደመወዝ ጋር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተከትሎ መጣ፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ ሳለ እጁን ወይም እግሩን ቢያጣ ምን ይደረግለታል? ተሽሎት ወደ ሥራ ልመለስ ቢልስ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሕጋችን መልስ አለው። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ግን ሰውን ከሥራ የሚያርቅ ነው እላለሁ። ምክንያቴን በቁጥር ላሳይ።

እስከ 2003 ዓ.ም ድረስ የጡረታ ዋስትና የነበረው በዋናነት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት አዋጆች አንድ ላይ ወጡ፤ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። ኋላ በ2014 ዓ.ም በአዋጅ 1267 እና 1268 ተተክተዋል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እያዋጡ የሚከማቸው ገንዘብ ለእርጅና ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ነው። ጉዳቱ በሐኪም ተመርምሮ ቢያንስ 10 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ተጎጂው መሥራት ፈጽሞ አይችልም ከተባለ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ያገኝ ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይከፈለዋል፤ ይህ የጉዳት ጡረታ አበል ነው። ተጎድቷል ግን መሥራት ይችላል ከተባለ ያው 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መጠን ተባዝቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጠዋል፤ የጉዳት ዳረጎት የሚባለው ይህ ነው።

ደመወዙ 6,000 ብር የነበረ አንድ ብየዳ ሠራተኛ እግሩን አጥቶ ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ተባለ እንበል። የ6,000 ብር 47 በመቶ 2,820 ብር ነው። መሥራት አይችልም ከተባለ በየወሩ 2,820 ብር ያገኛል፣ እስኪሞት ድረስ። መሥራት ይችላል ከተባለ 2,820 በ60፣ ከዚያም በ40 በመቶ ሲባዛ 67,680 ብር ይሆናል፣ አንድ ጊዜ። ይህ ገንዘብ የሃያ አራት ወር አበል ማለት ነው። ሠራተኛው የ28 ዓመት ወጣት ከሆነ በአንዱ ውሳኔ የሁለት ዓመት፣ በሌላው የቀሪ ዘመኑን መተዳደሪያ ያገኛል።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ክፋት አስበው አይመስለኝም። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ መሥራት የሚችለው ሰው ደመወዝ አለው፣ ስለዚህ ዳረጎቱ ለአካሉ ካሳ ነው እንጂ ለእንጀራው አይደለም። ይህ ሐሳብ የሚቆመው ግን ደመወዙ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል በሕግ መሠረት ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች መካከል ሠራተኛው በዘላቂ ጉዳት ምክንያት መሥራት አለመቻሉን ይጠቅሳል፤ ጉዳቱ ከፊልም ቢሆን። በአንድ በኩል «ሌላ ሥራ መሥራት ትችላለህ» ተብሎ ዳረጎት የተቀበለ ብየዳ ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል «የተቀጠርክበትን መሥራት አትችልም» ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። ሁለቱም አባባል እውነት ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ግን እሱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢያንስ በጤና ምክንያት የያዘውን ሥራ መሥራት ያቃተውን ሰው ወደሚስማማው መደብ ማዛወር የተለመደ መንገድ ነው። ጥቂት ሠራተኞች ባሉት የግል ድርጅት ግን ወዴት ይዛወራል?

ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ያለው ጊዜም ውሳኔውን ያከብደዋል። በዚሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። በዓመቱ ይቆማል። ቁስል እስኪደርቅ፣ የተቆረጠው እግር ጫፍ እስኪጠነክር፣ ሰው ሠራሽ እግር እስኪለካና በእሱ መራመድ እስኪለመድ ዓመት ብዙ ጊዜ አይደለም። ያዮ ለምትገኝበት ለኢሉባቦር ሰው ደግሞ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ቅርብ አይደለም፤ ወደ ነቀምቴ ወይም በጎሬ በኩል ቁልቁል ወደ ጋምቤላ መሄድ ይኖርበታል። ሰውየው ወደ ሥራ መመለስ እንደሚችል ራሱም ገና ሳያውቅ ሐኪሞች «ይችላል» ወይም «አይችልም» እንዲሉ ይጠየቃሉ።

በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚመክረውን ማንም ይገምታል። «ልጄ፣ በክራንችህ ግባ፤ ደህና ነኝ እንዳትል።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም በ28 ዓመቱ መሥራት እንደማይችል በማኅተም የተረጋገጠለት ሰው ይህን ወረቀት ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ተሽሎት፣ ስልክ መጠገን ወይም ሒሳብ መያዝ ተምሮ፣ አንድ ቦታ ልሞክር ቢል የሚያስበው ደመወዙን አይደለም። የሚያስበው «ባይሳካልኝስ? አበሌስ?» የሚለውን ነው። አዋጆቹ ለዚህ ሰው የሙከራ ጊዜ አላስቀመጡለትም። ሥራ ጀምሮ በሦስተኛው ወር ቢያቅተው ወደ አበሉ ያለ ጣጣ እንደሚመለስ የሚነግረው አንቀጽ የለም። ስለዚህ ይቀመጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ በየወሩ የሚመጣውን እርግጠኛ ገንዘብ ላልታወቀ ነገር አሳልፎ የሚሰጥ አባወራ ስለማይኖር ነው።

በሥራ ላይ ባልደረሰ ሕመም ከሥራ ለሚወጣው ደግሞ ሌላ መስመር አለ። አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ ያገኛል፤ መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። የዓይኑ ብርሃን እየደከመ የሄደ የያዮ ወይም የሁሩሙ መምህር አሥር ዓመት ከሞላው በዚህ መንገድ ሊወጣ ይችላል። እኔን የሚያሳዝነኝ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ዓይነ ስውር መምህራን በየትምህርት ቤቱ ቆመው እያስተማሩ ነው። ብሬል የሚያስተምረውና በስልክ የድምፅ ንባብ የሚያለማምደው ሰው ቢያገኝ ያ መምህር ክፍሉን አይለቅም ነበር። መንግሥት አበል ሊከፍለው ዝግጁ ነው፤ ለስድስት ወር ሥልጠና ግን በጀት የያዘለት የለም።

ሕግ አጣን ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። አዋጅ 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች፣ በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግበት ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ 676/2002 የአገር ሕግ ሆኗል። እነዚህ ሕጎች ስለ ሥራ መብት ይናገራሉ፤ የጡረታ አዋጆቹ ስለ አበል ይናገራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ ድልድይ ግን አልተሠራም።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ውል ያለውን ሰው ነው። ያዮ ውስጥ የሚበዛው ግን ውል የሌለው ነው። ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ገበሬ የሕክምና ቦርድ ቢያየው ምን ያህል በመቶ እንደተጎዳ ይነግረዋል፤ የሚከፍለው ግን የለም። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት የተተከለው ድርቅ በሚደጋግማቸው ወረዳዎች እንጂ ዝናብ በማይጠፋበት ኢሉባቦር አይደለም። ምድሩ ለምለም ስለሆነ ሰው አይቸገርም ከሚል ስሌት የመጣ ይመስላል። የከተማው ሴፍቲኔትም በ2009 ዓ.ም የጀመረው በአሥራ አንድ ከተሞች ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ መቱ አልነበረችም። ሴፍቲኔቱ በገባበትም ቦታ ቢሆን ያው ክፍፍል ይመጣል፤ መሥራት የሚችል በሕዝብ ሥራ ይሰማራል፣ የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ግማሽ ቀን የሚችል፣ ተቀምጦ የሚችል፣ በበጋ የሚችል ሰው በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የያዮን የቡና ሥራ ያየ ያውቀዋል። ለቀማው ቁልቁለት ላይ ነው፤ መሬቱ ቀይ፣ እርጥብና የሚያዳልጥ። የክራንቹ የታች ጎማ ካለቀ ባዶው ጫፍ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፣ ሰውየውም ከጎማ ጫማ ቆርጦ ያለብሰዋል። ወገቡ ላይ ቅርጫት ታስሮ በአንድ እጅ ክራንች፣ በሌላው ቅርንጫፍ ይዞ መልቀም አይሆንለትም። ከደኑ ወጥቶ ማድረቂያው ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ወገብ ድረስ የሚደርስ ነው፤ ከፍ ያለ ዱካ ቢቀርብለት ተቀምጦ ያገላብጣል፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ከደህናው ይለያል። ሁለት እጅና ዓይን ካለው ከማንም አያንስም። «መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?» ተብሎ ቢጠየቅ ሐኪሙ ምን ብሎ ይመልስ? ደኑ ውስጥ አይችልም፣ አልጋው ጋ ይችላል።

ትምህርትም ከዚሁ ይገባል። በ2003ቱ አዋጅ ወላጁ የሞተበት ልጅ የተተኪ አበል ያገኝ የነበረው እስከ 18 ዓመቱ ነው፤ አካል ጉዳተኛ ከሆነ እስከ 21። የሦስቱ ዓመት ጭማሪ በጎ ነበር። ነገር ግን በገጠር አካል ጉዳተኛ ልጅ ስንት ዓመቱ ትምህርት ይጀምራል? ትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ቤት ቆይቶ በአሥር ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ምንም ክፍል ሳይደግም አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ 21 ወይም 22 ይሆነዋል። መቱ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ አበሉ ያበቃ ነበር። ዕድሜ ሳይሆን ትምህርቱ ገደቡ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ለመማር ድፍረት ያገኝ ነበር።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን የተለየ አሠራር ያውቃሉ። በአሜሪካ ሠርቶ መዋጮ የከፈለና የአካል ጉዳት አበል የሚያገኝ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ለዘጠኝ ወራት ያህል ሙሉ አበሉ ሳይነካ ሥራ መሞከር ይችላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ስድስት ወራት ገቢው ከተወሰነው መጠን በታች በወረደበት ወር አበሉ ይለቀቅለታል። ጨርሶ ከተቋረጠበት በኋላም እስከ አምስት ዓመት ድረስ አዲስ ማመልከቻ ሳያስገባ አበሉ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግም የሥራ ሥልጠናና ምክር ጨመረበት። ፎርሙ ብዙ ነው፣ ስህተት ሠርቶ አበል መልስ የሚባለውም አለ። መሠረታዊው ሐሳብ ግን ይገባኛል፤ የሞከረ ሰው አይቀጣም።

ያንን ሁሉ እንዳለ እናምጣው አልልም፤ አቅማችን ሌላ ነው። ሁለት ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ በመመሪያ ሊጀመር የሚችል ይመስለኛል። አንደኛው የሕክምና ቦርዱ ወረቀት ነው። «ይችላል» እና «አይችልም» ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች በታች ምን ዓይነት ሥራ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ተቀምጦ ወይስ ቆሞ፣ በምን ድጋፍ የሚሉ መስመሮች ይጨመሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ያለ ቅጣት ይታይ። ሁለተኛው የሙከራ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ወር ከበዛ ለያዮ ሦስት ወር ይበቃል፤ ቡናው ቀልቶ ተለቅሞ ከአልጋው እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። አበል ተቀባዩ የጉዳት ጡረታውን እያገኘ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማድረቂያው ላይ ይሥራ፤ አሠሪው በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ጥር ሲገባ ሰውየውና አሠሪው ተነጋግረው ይወስኑ። ካልተሳካ የጥር አበሉ እንደ ወትሮው ባንክ ይገባለታል።