ኮምፒዩተርንና ሞኒተርን ስለሚያገናኝ ገመድ

ለልጆቹ ትምህርት ያገለገለ ሞኒተር የገዛ አባወራ፥ ገመድ ፍለጋ ወደ ሱቅ ከመሄዱ አስቀድሞ የሁለቱን ዕቃዎች መሰኪያ ሊመረምር ይገባዋል። በአሮጌ ሞኒተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቪጂኤ የሚባለው፥ 15 ቀዳዳዎች በሦስት ረድፍ የተደረደሩበት መሰኪያ ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ሥዕልን እንጂ ድምፅን አያስተላልፍም። በዛሬው ላፕቶፕ ላይ ግን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ኤችዲኤምአይ ነው። ልዩነታቸውም የቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ቪጂኤ ሥዕሉን ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ኃይል፥ ኤችዲኤምአይ ግን በቁጥር ያስተላልፋልና። ስለዚህ ጫፎቹ ስለ ገጠሙ ብቻ ገመዱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው በውስጡ መለወጫ ያለበት ነው፤ እርሱንም ከኮምፒዩተር ወደ ሞኒተር የሚለውጥ መሆኑን ጠይቆ መግዛት ያሻል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ዩኤስቢ ሲ ነው። መልኩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሥዕል ያስተላልፋል፥ ሌላው ግን ባትሪ ከመሙላትና ፋይል ከማመላለስ አያልፍም። የስልኩን ቻርጀር ገመድ ሰክቶ ሞኒተሩ ቢጨልምበት፥ ደኅናውን ዕቃ ተሸክሞ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ሰው ስንት አለ!

ሁለቱም ኤችዲኤምአይ ካላቸው ነገሩ ቀላል ነው፤ ለትምህርትና ለጽሕፈት ሥራ ተራው ገመድ ይበቃል። በወርቅ ተለብጧል እየተባለ በብዙ ብር የሚሸጠው ለሥዕሉ ጥራት የሚጨምረው የለም።