«ጨምር» እና «እስኪሆን ጨምር»፦ ሙሙትን ስለ ማቅጠን

በፒትስበርግ የሚገኘው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ያሰናዳው ኬምኮሌክቲቭ የተባለው የኢንተርኔት መማሪያ፣ ጀማሪ የኬሚስትሪ ተማሪ በምናባዊ ቤተ ሙከራ ሙሙት እየቀዳና እየቀላቀለ እንዲማር ያስችላል። ይህን የመሰለ ትምህርት ወደ አማርኛ ሲመለስ ክርክሩ የሚበዛው በስያሜዎች ላይ ነው። ሆኖም ሟሚ፣ አሟሚና ሙሙት ከአንድ ግሥ የረቡ ስለሆኑ ብዙም አያስቸግሩም፤ «ማቅጠን»ም፣ የወጥ ቤት ቃል ነው ቢባልም፣ ጉዳዩን በሚገባ ይገልጻል። ይበልጥ የሚያሳስበው የዐረፍተ ነገሩ አገነባብ ነው።

1 ሞላር ከሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሙሙት 10 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ «ጠቅላላ ይዘቱ 100 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ድረስ ውሃ ይጨመርበት» ቢባል ውጤቱ 0.1 ሞላር ይሆናል። ተርጓሚው «100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበት» ካለ ግን ጠቅላላው ይዘት ወደ 110 ይደርስና ውጤቱ ወደ 0.091 ሞላር ይወርዳል። በእውነተኛው ቤተ ሙከራ መምህሩ የተማሪውን እጅ አይቶ ያርመዋል፤ በምናባዊው ግን ከተማሪው ፊት ያለው ጽሑፉ ብቻ ነው። የታዘዘውን ሳያጓድል ፈጽሞ መልሱ ስሕተት ነው ሲባል፣ ጥፋቱን በሒሳቡ ይፈልጋል እንጂ በትርጉሙ አይጠረጥርም።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «አቀጠነ» ሲፈታ፣ የመጨረሻውን ይዘት ለይቶ የሚያመለክት ምሳሌ አብሮት እንዲገባ እናሳስባለን።