ስምን በአንድ ደንብ መመዝገብ

በኮልፌ ቀራንዮ ያለ ዕድርተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የዕድር ጸሐፊ ትልቁ አደራ መዝገቡ ነው። ስሙ ከመዝገብ የታጣ አባል፥ መዋጮውን የከፈለ ቢሆንም እንኳ፥ በኀዘኑ ቀን ክርክር ይነሣበታል። ዛሬ በንግድ ቤቶችና በባንኮች ይህንኑ አደራ የተሸከሙት የመረጃ ቋት አስተዳዳሪዎች ናቸው።

የዕድር ጸሐፊ አባሉን በመልኩ ስለሚያውቀው፥ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው መሆኑን አይስተውም። ኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰዎች ያደርጋቸዋል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ሲገባ፥ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቍጥር ተሰጥቷቸዋልና። ስለዚህ ደንበኛው በአንዱ ስም ዕዳውን ከፍሎ፥ በሌላው ባለዕዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ደንበኛው የጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጥ፤ ከጎኑም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት የመፈለጊያ ዓምድ ይጨመር። ሞክሼዎች እንዳይደባለቁም ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይደገም መለያ ቍጥር ይሰጠው።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ደንብ ቢያወጣ መዛግብቱ አይገናኙም። እንግዲህ ባለሙያዎቹ እንደ ዕድርተኛ ተሰብስበው በአንድ ደንብ ሊስማሙ፥ ነጋዴዎችም ለዚሁ ስብሰባ ጊዜ ሊፈቅዱላቸው ይገባል።