ብርቱካንና ሎሚ ውፍረትን ይቀንሳሉን?

ኢተያ የስንዴና የገብስ አገር ናት። ብርቱካኑና ሎሚው ግን ከቆላ ተጭኖ ይመጣላታል፤ በአዋሽ ሸለቆ መርቲና ኑራ ኤራ በብርቱካን እርሻቸው ለብዙ ዘመን የታወቁ ናቸው። ከዚህ ፍሬ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም በየማለዳው በባዶ ሆድ የሎሚ ውኃ የጠጣ ሰው ስቡ ይቀልጥለታል የሚል ነው። ወሬውን አምነው ቁርሳቸውን የተዉ፣ ጨጓራቸውንም ያሳመሙ ሰዎች ስላሉ ዝም ልንል አልወደድንም።

ሎሚ ቅባት የነካውን እጅና ሳህን እንደሚያጠራ እሙን ነው። ነገር ግን ከቆዳ ሥር የተከማቸ ስብ በሳህን ላይ እንዳለ ቅባት አይደለም። ሎሚው በሆድ ውስጥ እንደ ማናቸውም ምግብ ይፈጫል እንጂ ከስቡ ዘንድ ደርሶ አያጥበውም። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለንም ይህንኑ የሚመስል ነገር ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ «የሆሊውድ አመጋገብ» የተባለው ሥርዓት ከምግብ ጋር ግሬፕፍሩት እንዲበላ ያዝዝ ነበር፤ ሰዎቹን ያከሳቸው ግን ፍሬው ሳይሆን የሌላው ምግብ እጅግ ማነሱ ነው።

ታዲያ ፍሬው ለውፍረት ምንም አይረዳም ማለታችን ነውን? አይደለም። መካከለኛ ብርቱካን 60 ካሎሪ ያህል ኃይልና 3 ግራም ያህል አሰር ይሰጣል፤ አሰሩና ውኃው ሆድን ይይዛሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ግን ብቻውን ከ100 ካሎሪ ይበልጣል። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ጩኮ የሚቀምስ ወፍራም ሰው በጩኮው ፈንታ አንድ ብርቱካን ቢበላ ይጠቀማል፤ ጩኮውን በልቶ ብርቱካን ቢጨምርበት ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጩኮን የምንነቅፍ አይምሰላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ለሚውል ገበሬ የሚገባ ምግብ ነው። ነገራችን ከወንበር ሳይነሣ ለሚውለው ነው፤ ይህን የምንጽፈው እኛም ከወንበር ላይ ነን።

ብርቱካኑም ተልጦ ከነሥጋው ይበላ። በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ውስጥ የሦስት ወይም የአራት ብርቱካን ስኳር ይገባል፤ አሰሩ ግን በማጥለያው ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት 50 ካሎሪ ያህል ይታከላል።

ጨጓራውን የሚያመው ሰው ሎሚን በባዶ ሆዱ አይጠጣ። ሎሚ የጠጣ ሁሉ፣ ኮምጣጣው ጥርስን ስለሚበላ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ። ግሬፕፍሩት አንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲበዙ ስለሚያደርግ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የስኳር ሕመምተኛም በሎሚ ተማምኖ መድኃኒቱን ከቶ እንዳያቋርጥ።

ሳይፈልግ የከሳ ሰው ግን ሎሚው ሠራልኝ ብሎ ደስ አይበለው። ሳንባ ነቀርሳና የስኳር በሽታ ሰውን እንዲህ ያከሳሉና፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውንና ደሙን ያስመርምር።