«የምፈልገው ስፌቱን ነው»፦ ስለ አዋቂዎች ጨዋታና የዕለት ተዕለት ፈጠራ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ንግግሬን በአንድ ቃል እጀምራለሁ፤ ቃሉም «ጨዋታ» የሚለው ነው። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ዝም ሲል «ይጫወቱ እንጂ» እንላለን። ኳስ እንዲያነሣ ሳይሆን እንዲያወጋን ፈልገን ነው። አማርኛ ሕፃን ከአፈር ጋር የሚያደርገውንና ሽማግሌ በቡና ሰዓት የሚያወጋውን በአንድ ቃል ይጠራል። ቋንቋችን ጨዋታን ለልጆች ብቻ አልተወውም፤ የተውነው እኛ ነን፣ በተለይም ተምረናል የምንል ሰዎች። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ መተው ምን እንደሚያሳጣን ነው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ፈጠራ እንደምናገር ልግለጽ። «ፈጠራ» ሲባል አእምሯችን ወደ አፈወርቅ ተክሌ ወይም ወደ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይሮጣል። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ጄምስ ካውፍማንና ሮናልድ ቤጌቶ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ፈጠራን በአራት ደረጃ ከፍለው አሳይተዋል። የመጀመሪያው አንድ ሰው ሲማር ለራሱ ብቻ አዲስ የሚሆንለት ግንዛቤ ነው፤ ሁለተኛው የዕለት ተዕለት ፈጠራ፣ ሦስተኛው የባለሙያ፣ አራተኛው ዘመን ተሻጋሪ የሆነው ነው። የእኔ ርእስ ሁለተኛው ነው፤ ለልጅ ተረትን ከራስ አውጥቶ መንገር፣ ጓሮን በራስ ሐሳብ መትከል፣ በሠርግ ላይ ግጥም መደርደር፣ ጥልፍ፣ ስፌት። ለዚህ ተሰጥኦም ሆነ የምስክር ወረቀት አያስፈልግም።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጻሕፍት አስቀድሞ ከእናቴ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። ለብዙ ወራት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትውል ነበር። አንድ ቀን ስንደዶ፣ አክርማና ወስፌ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። እኔም «እማዬ፣ ገበያው ሞልቶ የለም እንዴ? ያማረ ሞሰብ ገዝቼ አመጣልሻለሁ» አልኋት። እሷም «ሞሰቡን መቼ ፈለግሁና? የምፈልገው ስፌቱን ነው» አለችኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ አለ። ጥቅሙ ያለው በተሠራው ዕቃ ሳይሆን በመሥራቱ ነው። የቅኔ ቤት ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱ ለዛሬ አያገለግለውም።

ጥናቶች ምን ይላሉ? በኒው ዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲዋ ታምሊን ኮነርና ባልደረቦቿ 658 ወጣቶች ለ13 ቀናት ውሏቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። ከወትሮው የበለጠ ፈጠራ በተሞላበት ዕለት ማግስት ተሳታፊዎቹ የበለጠ ንቃትና የተሟላ ሕይወት የመኖር ስሜት እንደ ተሰማቸው አመልክተዋል። በአሜሪካ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲዋ ጊሪጃ ካይማል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፣ በቀለምና በወረቀት ቅንብር እንደ ወደዱ እንዲሠሩ ተደረገ። ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ በሚሆኑት ዘንድ ከውጥረት ጋር የተያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ንጥረ ነገር መጠን ቀነሰ። ልብ በሉ፤ የቀድሞ የሥነ ጥበብ ልምድ መኖር አለመኖሩ ጉልህ ልዩነት አላመጣም።

ከእነዚህ ጥናቶች ግን ከሚሉት በላይ ማውጣት አይገባንም። የመጀመሪያው ተሳታፊዎች ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ የቆመ ነው፤ ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ጨዋታ ሐኪምን አይተካም፤ ጽኑ ድባቴ የያዘውን ሰው «ሥዕል ሣል» ብሎ ማሰናበትም ጭካኔ ነው።

ስለ ምን ይጠቅማል ብንል፣ ሦስት ምክንያቶችን አቀርባለሁ። አንደኛው ትኩረት ነው። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እንዳስረዳው፣ የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታ ሲመጣጠኑ ሰው ራሱን እስኪረሳ ድረስ በሥራው ይዋጣል። አለላ እየቆጠረች ሐረግ የምታወጣ ሴት በዚያ ሰዓት ለሐዘኗ የሚተርፍ ሐሳብ የላትም። ሁለተኛው ምርጫ ነው። ቀኑን ሙሉ ሌሎች ያዘዙንን የምንሠራ ሰዎች ቀዩን ልጠቀም ወይስ አረንጓዴውን ብለን ራሳችን የምንወስንበት ጥቂት ስፍራ ያስፈልገናል። ሦስተኛው የስሕተት ርካሽነት ነው። በመሥሪያ ቤት ስሕተት ያስጠይቃል፤ በጨዋታ ግን ተተርትሮ እንደ ገና ይሰፋል። እናቴ ሐረጉ ሲዛባባት ትስቅ ነበር፤ አባቴ ካረፈ በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሥራዋ አምሮ ባየሁ ጊዜ ገዢ ፈለግሁላት። ባልደረቦቼ ልኩን፣ ቀለሙንና የሚረከቡበትን ቀን ወስነው አዘዙ። ሦስተኛውን ትእዛዝ ካስረከበች በኋላ ወስፌዋን አስቀመጠች። «ዓይኔ ደከመ» አለችኝ፤ እኔም አመንኋት። ከወራት በኋላ ግን ከትእዛዙ በተረፈው አለላ፣ ማንም በማያዛቸው ቀለማት፣ ትንሽ ሙዳይ ስትሰፋ አገኘኋት። የደከመው ዓይኗ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አጥንተው ነበር። ሽልማት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነግሯቸው የሣሉት ልጆች፣ በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። እናቴ ሕፃን አልነበረችም፤ ይሁንና ነገሩ ይመሳሰላል። በስፌት እንጀራቸውን የሚያበስሉ ሴቶችን ሥራ ማቃለሌ አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋቸው ሊከበር ይገባል። ጥፋቴ እናቴ ስለ ምን እንደምትሰፋ ነግራኝ ሳለ አለመስማቴ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። በዚህ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ለዩና ከልጅነታችሁ የተዋችሁትን አንድ ነገር ሥሩ። ለማንም አታሳዩት፤ በስልክ አታንሡት፤ ዋጋም አታውጡለት። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ «ለምን አትሸጪውም?» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናቴም ወስፌውን ሰጥታ እጄን ይዛ አሳየችኝ። የሰፋሁት ነገር እስከ ዛሬ ቅርጽ አልያዘም፤ መተርተሩን ግን በደንብ ተምሬአለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።