ሙዚቀኛዋ እናትም ሠራተኛ ናት

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ባንድ የኪራይ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች በየማለዳው የግቢው በር ላይ ይገናኛሉ። ሰዓቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። አንደኛዋ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚያደርሳትን የሠራተኞች አውቶቡስ ለመያዝ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ የተኙትን ልጆቿን ላለመቀስቀስ በጣቶቿ እየረገጠች ትገባለች። የምትወጣዋ «ደህና አደርሽ?» ስትል፣ የምትገባዋ «ደህና ዋይ» ትላለች። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ልጅ ያሳድጋሉ፤ የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉትም ለአንድ አከራይ ነው። ልዩነታቸው የፋብሪካዋ ሠራተኛ የቅጥር ውሏን በሣጥኗ ውስጥ አኑራ መተኛቷ፣ ድምፃዊቷ ግን ከአንድ የስልክ ጥሪ በስተቀር በእጇ ምንም የሌላት መሆኑ ነው።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሁለቱ እናቶች ጋር ቡና እየጠጣች ስትጨዋወት፣ ድምፃዊቷ ሁለተኛ ልጇን ባረገዘችበት ዓመት የደረሰባትን ሳትደብቅ አጫውታታለች። በሳምንት አምስት ምሽት ባንድ የምሽት ክበብ ታዜም ነበር። ሆዷ ገፍቶ መታየት ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ በለሰለሰ ቃል አርፋ እንድትቀመጥና ከወለደች በኋላ እንድትመለስ ነገራት። ለዕረፍቱ የተከፈላት ነገር አልነበረም። አራስነቷን ጨርሳ ስትመለስ በእርሷ ቦታ ሌላ ልጅ ቆማ ታዜማለች። የምትጠይቀው ሰው፣ የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም። በእነዚያ ወራት ለቤት ኪራዩና ለአጥሚቱ የደረሱላት የባንዱ ልጆች ነበሩ፤ ከየምሽቱ ክፍያቸው እያዋጡ ላኩላት። ሲጠሩት ስም የሌለው ማኅበር ማለት ይህ ነበር።

ይህን የሰማች ጎረቤቷ የቡናውን ስኒ አስቀምጣ፣ እነዚያ ልጆች ባይኖሩ ኖሮ ምን ልትሆኚ ነበር ስትል ጠየቀቻት። ጥያቄው የድምፃዊቷ ብቻ አይደለም። ከከበሮ መቺው፣ ከኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ከማሲንቆ መቺውና ከተወዛዋዧ ጀርባ ልጅ፣ እናት፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ አለ። የዛሬው ጽሑፋችንም የሚያተኩረው ሙዚቀኞች ተደራጅተው የሥራ ሕይወታቸውን እንዴት ሊደግፉ እንደሚችሉ ነው።

በአገራችን ሙዚቀኛን በደመወዝ ሳይሆን በሽልማት ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። አዝማሪው ባለበት ሰው ይጠግባል፤ እርሱ ግን የሚያድረው በተመልካቹ ደስታ መጠን ነው። ዛሬም በሠርግና በክበብ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ለተመልካች ደስ ይላል። ነገር ግን ሽልማት ደመወዝ አይደለም። በታመሙ ቀን አይመጣም፤ በእርጅና ጊዜም አይገኝም። በሁዳዴ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ ሲቆም፣ ብዙ ክበቦችም ሲቀዘቅዙ፣ የሙዚቀኛው ቤት ምድጃ አብሮ ይቀዘቅዛል። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሥራው ተደራርቦ እንቅልፍ ይታጣል።

መደበኛ ደመወዝ ያላቸው ሙዚቀኞች ግን አልነበሩም ማለት አይደለም። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ይሠሩ የነበሩት ሙዚቀኞች የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አህመድ ከክብር ዘበኛ ቤት የወጡ ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሬኮርድስን ከመሠረተና የግል ባንዶች በየሆቴሉና በየክበቡ ከተስፋፉ ወዲህ ሙዚቃው በነፃነት አበበ፤ የሙዚቀኛው ኑሮ ግን በእያንዳንዱ ባለቤት ፈቃድ ላይ ወደቀ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ክበቦች በራቸውን ዘግተው እስከ ንጋት ያስተናግዱ ስለነበር፣ ጡሩምባ ነፊውም ድምፃዊቷም ከእንግዳው ጋር ተቆልፈው ያድሩ ነበር። የሥራው ሰዓት ረዘመ እንጂ ሙዚቀኛው በሰዓቱ ጉዳይ አልተጠየቀም።

ዝናም ቢሆን ዋስትና አለመሆኑን ከኃይሉ መርጊያ ሕይወት እንማራለን። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ይህ ሰው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ በዋሽንግተን ከተማ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖሯል። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የቆየ ሥራው በ2005 ዓ.ም. እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያደምጠው ወደ መድረክ ተመለሰ። ታታሪነቱ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም የሁሉም ሙዚቀኛ ዕጣ እንዲህ አያምርም።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? ሐዋሳ ያለችው ድምፃዊት የገረማት ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚለው በአሠሪው አመራር ሥር በደመወዝ የሚሠራን ሰው ነው። በተወሰነ ሰዓት ገብታ፣ የተባለችውን ዘፍና፣ በደመወዝ የምትወጣ ድምፃዊት ከዚህ ትርጉም የምትወጣበት ምክንያት የለም። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ፈርሞ ስለ ውሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል። ወረቀቱ ባይሰጣትም መብቷ አይቀርም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍት ይገባታል። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥም፣ ከእርግዝናዋና ከወሊዷ ጋር ባልተያያዘ በሕግ በተዘረዘረ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር፣ አሠሪው የሥራ ውሏን ሊያቋርጥ አይችልም። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ደግሞ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ እያዋጡ ለእርጅና ይቆጠባል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ድምፃዊቷ ለምን ባዶ እጇን ቀረች? ብቻዋን ስለነበረች ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብታ ውል ይሰጠኝ ብትል፣ በማግሥቱ ሌላ ድምፃዊት ይጠራል። አሥር ሆነው ቢጠይቁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ለዚህ ነው።

ሕጉም መንገዱን አልዘጋም። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አንድ ባንድ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ብቻ ቢኖረው ደግሞ፣ ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች የአባላቱ ቁጥር ከአሥር ካላነሰ በአንድነት ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። በሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች የሚጫወተው፣ በመሐል ከተማው ክበብ የምታዜመውና በባህል ምግብ ቤት ማሲንቆ የሚመታው አንድ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም መንገዱን የጀመሩት የፋብሪካና የትራንስፖርት ሠራተኞችም ከሙዚቀኛው የተለየ ጉልበት አልነበራቸውም፤ ኅብረት እንጂ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማኅበሮችን መለየት ይጠቅማል። የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ዕረፍት የሚደራደር ነው። የሙያ ማኅበር ደግሞ የሙያውን ክብርና የፈጠራውን መብት ያስጠብቃል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሙዚቀኞች፣ የድምፃውያንና የአሳታሚዎች ማኅበራት በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዘርፍ ማኅበራት ኅብረት ጥላ ሥር ተሰባስበው ሠርተዋል። የዳህላክ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ዳዊት ይፍሩም ለዓመታት ኅብረቱን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ካሴት ያለ ፈቃድ ይባዛ በነበረበት ዘመን ሙዚቀኛው ሥራውን ባንድ ጊዜ ክፍያ ጠቅልሎ ሸጦ ከዚያ በኋላ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት መብቱን ጠበቀ። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የመብቱ ባለቤቶች ክፍያቸውን የሚሰበስብላቸው የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖራቸው በር ከፈተ። አባት ሞቶ ዘፈኑ በየሆቴሉ ሲሰማ፣ ከዚያ ለልጆቹ ደብተር መግዣ እንዲተርፍ ማለት ነው። አንድ እናት ብቻዋን በየሆቴሉ እየዞረች ይህን ልትሰበስብ አትችልም።

በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ1893 ማኅበር የመሠረቱት ዝቅተኛ ክፍያ አስመርሯቸው ነበር፤ ያ ማኅበር ዛሬም አለ። በአሜሪካ ደግሞ ሸክላና ራዲዮ የመድረኩን ሙዚቀኛ ከሥራ ባፈናቀለ ጊዜ፣ በጄምስ ፔትሪሎ የሚመራው የሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ከነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባላቱ ሸክላ እንዳይቀዱ አገደ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች እስከ ኅዳር 1944 እ.ኤ.አ. ተራ በተራ ተስማሙ። ከሚሸጠው ሸክላ ላይ ለማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ እየተከፈለ ሥራ ያጡ ሙዚቀኞች መድረክ እንዲያገኙ ተደረገ።

የእኛን ሩቅ ሳንሄድ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ክበቦች ተዘጉ፤ ሠርጎች ተሰረዙ። ደመወዝ ያለው ሰው ቤቱ ተቀመጠ። በምሽት ክፍያ የሚኖረው ሙዚቀኛ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መሣሪያውን ሊሸጥ ተገደደ። ጥቂት ጥቂት የተጠራቀመ የማኅበር ገንዘብ ትርጉሙ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ማኅበር ለቤት ምን ያመጣል የምትል እናት ብትኖር፣ ነገሩ ውስብስብ አይደለም። አንደኛ፣ ሁሉም አባል የሚጠቀምበት የውል ናሙና ያዘጋጃል፤ በውሉ ላይ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ሠርጉ ቢሰረዝ ምን እንደሚከፈል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ምን እንደሚጨመር ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከክበብ የምትወጣዋን ሴት አሠሪው በመኪና ወደ ቤቷ እንዲያደርስ ይደራደራል። ሦስተኛ፣ ለወሊድ፣ ለሕመምና ለጾም ወራት የሚሆን መጠባበቂያ ያጠራቅማል። አራተኛ፣ ስለ ጤና ያስተምራል። በድምፅ ማጉያ አጠገብ ለሰዓታት መቆም ጆሮን ቀስ በቀስ ያደነቁራል፤ የተጎዳ ጆሮም አይመለስም። እረፍት ማድረግ፣ ከማጉያው ራቅ ብሎ መቆምና የጆሮ መከላከያ መጠቀም የቅንጦት ነገር አይደለም።

ይህ ለእናቶቻችን አዲስ ጥበብ አይደለም። ዕቁብ ጥለን ዕቃ እንገዛለን፤ ዕድር ገብተን ሬሳችንን በክብር እንሸኛለን። ዕድር ለሞት ቀን የሚደርስ ከሆነ፣ ማኅበር ደግሞ ለሥራ ዘመን የሚደርስ ዕድር ነው። መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዳኛና መዋጮ ምን እንደሆኑ ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ ነን። የጎደለው ይህንኑ ልምድ ከሰፈር ወደ ሥራ ቦታ ማሻገሩ ነው።

ከአድማጩም የሚጠበቅ ነገር አለ። ሐዋሳ የዘፈን አገር ናት፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በጉዱማሌ ሲከበር ያለ ዜማ አይደምቅም። ሙዚቃን ይህን ያህል የምንወድ ሰዎች ሙዚቀኛን «አዝማሪ» ብለን ስናቃልል፣ ለልጃችን የሙዚቀኛ ትዳር ስንነፍግ፣ በሠርጋችንም የተዋዋልነውን ክፍያ ለማግሥቱ ስናሳድር ራሳችንን ልንታዘብ ይገባል። ልጅሽን የምትድሪ እናት ሆይ፣ ለድንኳኑና ለምግቡ ውል እንደምትፈርሚ ሁሉ ለባንዱም ፈርሚ፤ ሙዚቀኞቹን አብይ፣ ክፍያቸውን በዕለቱ ስጪ፣ ሴቶቹ በሰላም ወደ ቤታቸው መግባታቸውንም አረጋግጪ። ሚስቱ በሌሊት የምትሠራ ባልም ጠዋት ልጆቹን ቀስቅሶ ቁርስ ማብላት ውርደት አይሁንበት።

ያን ዕለት ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የፋብሪካዋ ሠራተኛ ከሣጥኗ የቅጥር ውሏን አውጥታ ለጎረቤቷ አሳየቻት። ድምፃዊቷ ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበችው። የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የወሊድ ዕረፍት፣ ጡረታ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠይቃ ከልጇ ደብተር በተቀደደ ቅጠል ላይ የባንዱን ልጆች ስም ጻፈች፤ ሰባት ሆኑ። ጥቂት አሰብ አድርጋ ሐይቁ ዳር የሚጫወቱ ሦስት ሰዎች ስም ጨመረች። አሥር ሞሉ።