በመስታወት ውስጥ ያለ አማና
ምግብ የሚመርጠውን ቤታ ዓሣ እንዴት እናላምደው?



በቤታችን አንድ ሰማያዊ ቤታ ዓሣ አለ። ከገዛንበት ቦታ የለመደው በበረዶ የተቀመጠ ቀይ ትል ብቻ ነበርና ትሉ ባለቀ ዕለት የታሸገ እንክብል መኖ ሰጠነው። ወደ አፉ አስገብቶ ተፋው። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀን፣ ዓሣውን የመንከባከብ ኃላፊነት የተሰጠው ልጃችን ከመድረሳ ተመልሶ መስታወቱ አጠገብ ተቀመጠና «አባዬ፣ እኛም እንደዚያች ድመት እንደዘጋችው ሴትዮ እንሆናለን እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የልጁ ጥያቄ ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያችን ሴት ታሪክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። የተቀጣችው ድመት በመያዟ ብቻ አልነበረም። ዘግታባት ሳለ ራሷ አላበላቻትም፤ ወጥታ የምድር ነፍሳትን እንድትለቅምም አልፈቀደችላትም። በሌላ በኩል አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን ትንሽ ወፍ እንደነበረችውና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፏ እያነሡ ያጫውቱት እንደነበር ተዘግቧል። ዑለማዎች ከዚህ በመነሣት፣ የሚገባው እንክብካቤ እስከተሟላ ድረስ እንዲህ ያለውን ፍጡር በቤት ማኖር እንደሚቻል አስረድተዋል።

እንግዲህ ፍጡርን የዘጋ ሰው ወይ ያበላዋል ወይ ይለቀዋል። ቤታን በተመለከተ ግን መልቀቅ መፍትሔ አይሆንም። አገሩ ታይላንድና አካባቢዋ የሆነ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። በደጋ ወንዝ ብንለቀው ብርዱ ይገድለዋል፤ በሞቃት ሐይቅ ብንለቀው ደግሞ በአገሩ ዓሣዎች ላይ ባዕድ ፍጡር ማምጣት ይሆናል። ስለዚህ የቀረን መንገድ አንድ ነው፦ በሚገባ ማብላት።

በሚገባ ለማብላት ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤታ በትውልድ አገሩ የሚኖረው በሩዝ ማሳና ፍሰቱ ዝግ ባለ፣ ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ ነው። ምግቡ የትንኝ እጭ፣ ውሃ ላይ የወደቁ ነፍሳትና በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ናቸው። ሥጋ በል ስለሆነ ልጆች የሚጥሉለት የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ዳቦና ሩዝ አይስማማውም፤ ውሃውንም ያበላሻል። በተፈጥሮው ልዩ ልዩ ነገር እየለቀመ የሚኖር በመሆኑ፣ ሁልጊዜ ቀይ ትል ብቻ ቢሰጠው ጣፋጭ ይሁንለት እንጂ የተሟላ ምግብ አይሆነውም።

ታዲያ እምቢ ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ለምን?» ብለን ነው። አዲስ ቤት የገባ ቤታ ለጥቂት ቀናት ላይበላ ይችላል። ውሃው ሲቆሽሽም ፍላጎቱ ይጠፋል። ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ካጣበቀ፣ ሆዱ ካበጠ፣ ቅርፊቱ ከቆመ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ከታየበት ታሟልና ስለ ምግብ ምርጫው ከመጨነቅ በፊት ሕመሙን መከታተል ይገባል። ሌላው ምክንያት ብርድ ነው። የዓሣ ሰውነት እንደ ውሃው ስለሚሞቅና ስለሚቀዘቅዝ፣ ውሃው ሲበርድ ምግብ የመፍጨት ኃይሉ ይደክማል። ለቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እኛም በቴርሞሜትር ስንለካ የቤታችን ውሃ 20 ዲግሪ ሆኖ አገኘነው። ዓሣውን «አመለኛ» እያልን ስንወቅሰው ጥፋቱ የራሳችን ነበር!

ከዚያ በኋላ ያደረግነው እንዲህ ነው። በዚያው ዕለት ቀይ ትል ፈልገን ጥቂት አበላነው። ከዚያም ውሃውን በማሞቂያ ቀስ በቀስ አሞቅነው። ውሃው ከተስተካከለና ዓሣው ከነቃ በኋላ አንድ ቀን ምግብ ሳንሰጠው ዋልን። ልጃችን በዚህ ቅር አለው። ሆኖም ጤናማ የሆነ ትልቅ ቤታ አንድና ሁለት ቀን ባይበላ አይጎዳም፤ ቸል ብሎ ማስራብና ዓይን ሳይነቅሉ እየተከታተሉ ማላመድም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ እንክብል ብቻ ወስደን፣ ቀይ ትሉ በቀለጠበት ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነክረን ሰጠነው። ሽታው የሚያውቀው ሆነለት። በወረንጦ ይዘን ውሃው ላይ ቀስ ብለን ስናንቀሳቅሰው ሕይወት ያለው ነገር መስሎት ተከተለው። ጎረሰ፣ ተፋ፣ እንደገና ጎረሰ። ይህን ሲያደርግ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ የሚተፋው ሊያለሰልሰው ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልበላ ግን ትርፉን ማውጣት ይገባል፤ የበሰበሰ መኖ ውሃውን ይመርዛልና። ማታ ጥቂት ትል እየሰጠን፣ ጠዋት ጠዋት እንክብሉን እየሞከርን ቀጠልን። በዘጠነኛው ቀን ዋጠው። አልሐምዱሊላህ!

አሁን በሳምንት አራት ቀን እንክብል፣ አንድ ቀን የውሃ ቁንጫ፣ አንድ ቀን ቀይ ትል ይበላል፤ አንድ ቀን ሆዱ ያርፋል። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ጥቃቅን እንክብል በላይ አንሰጠውም። እንክብል ስትገዙም በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የዓሣ ወይም የነፍሳት ሥጋ የተጻፈበትን ምረጡ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የትንኝ እጭ ለቤታ ተፈጥሯዊ ምግቡ ቢሆንም በባልዲ ውሃ እያጠራቀማችሁ አታራቡ። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። ዓሣን ለመመገብ ሲባል ጎረቤትን ለወባ ማጋለጥ አይገባም።

ወጣቶችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ ያደረገችው ይህ ዓሣ «ተዋጊ» የሚል ስም ያገኘው ሰዎች ሲያዋጉት በመኖራቸው ነው። ሁለት ወንድ ቤታዎች አንድ ላይ ቢደረጉ ይቦጫጨቃሉ። እንስሳትን ለጨዋታ ማዋጋት በሃይማኖታችን የተከለከለ ስለሆነ ወንዱን ለብቻው አኑሩት።

ልጃችን አሁን በየጠዋቱ ከቁርሱ በፊት ዓሣውን ያያል። ለጥያቄውም እንዲህ ብለን መልሰንለታል፦ ያች ሴት የተቀጣችው ግድ ስላልነበራት ነው፤ አንተ ግን ተጨንቀህ ጠየቅህ። ሕይወት ላለው ፍጡር ሁሉ በሚደረግ ቸርነት ምንዳ እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። በመስታወት የዘጋነው ይህ ትንሽ ፍጡር ሲሳዩን ፍለጋ መውጣት አይችልም። አላህ (ሱ.ወ.) የእርሱን ሲሳይ በእጃችን ላይ አድርጎታልና አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።